ቀይ ፒንሳ

በየሰፈሩ አንድ ነገረኛ፣ አንድ አስታራቂና አንድ «ይኼማ ምን ይቸግራል» ባይ አይጠፋም። ነገረኛው ቢሰደድ ሌላ ይተካዋል፤ አስታራቂውም እንደዚያው። ሦስተኛው ግን ምትክ የለውም። ሰዓት ቢቆም ይፈታል፣ ጣራ ቢያፈስ ይወጣል፣ ጥርስ ቢነቃነቅ ክር ይዞ ይመጣል። ማንም አይጠራውም፤ ራሱ ይደርሳል።

በ1962 ዓ.ም. በጎንደር፣ ከፒያሳ ቁልቁል ባለው ሰፈር፣ ይህ ሹመት የሊቀ ጠበብት ወልደኢየሱስ ነበር። በመዝገብ ሲታዩ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ሊቀ ጠበብትነቱን ከነአንቱታው የሸለማቸው ሰፈሩ ነው። የጎረቤታቸውን የጨርቅ ነጋዴውን የባዬን ራዲዮ ያበጁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ራዲዮው ካርቱምን እንጂ አዲስ አበባን አይዝም። ባዬ፣ መቼስ ምን ይደረግ፣ ዓረብኛ መስማቱን ለመደው። የሚስቱን የታየችን የስፌት መኪናም ዘይት አጠጥተውት ወደ ኋላ መስፋት ጀመረ። ታየች ግን እንደ ባሏ ሆደ ሰፊ አይደለችም፤ ሊቀ ጠበብት በበሩ ብቅ ሲሉ መቀሷን ሳይቀር ትደብቃለች።

በዚያ ዓመት ለዳግማይ ትንሣኤ ባዬ ልጁን ሸጋዬን ሊድር ሆነ። አማቾቹ አምባ ጊዮርጊስ ናቸው። በሽምግልናው ቀን ጠጁ ሞቅ አድርጎት «ልጄ በማኪና ነው የምትመጣላችሁ» ብሎ አፉ አምልጦታል፤ አማቾቹም ይህንኑ ለወገራ ሰው ሁሉ አውርተዋል። በሰፈሩ ያለችው ማኪና ደግሞ የሊቀ ጠበብት ግራጫ ፊያት ብቻ ናት። ባዬ እያፈረ ቢጠይቃቸው «ይኼማ ምን ይቸግራል» አሉት። ያን ቃል ሰምቶ ደስ ሲለው የመጀመሪያው ነበር።

ደስታው እስከ ማክሰኞ ቆየ። ማክሰኞ ሊቀ ጠበብት ወደ ሱቁ መጡና ምስጢር እንደሚነግር ሰው ጎንበስ ብለው፣ በሠለጠነው አገር የሙሽራ ማኪና ፒንሳው ቀይ እንደሚቀባ ገለጹለት። አሥመራ ለጉዳይ ሄደው በዓይናቸው አይተዋል፤ «ይኼ ቀዩ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ አንድ መካኒክ «ፒንሳው ነው» ብሏቸዋል። ባዬ ግራ ገባው። እሱ የሚያውቀው ፒንሳ ሚስማር የሚነቀልበትን ነው። ሚስማር መንቀያና ሙሽራን ምን አገናኛቸው? ነገር ግን አላውቅም ማለት አሳፈረው፤ «እንዴታ!» አለ። ማታ ለታየች ቢነግራት «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብላ ወደ ጌሾዋ ተመለሰች።

ሐሙስ ዕለት ቀይ የተቀባች ፒንሳ በሊቀ ጠበብት በረንዳ ላይ በሲባጎ ተንጠልጥላ ትደርቅ ነበር። ባዬ ብዙ አያት። ፒንሳነቷን አልተወችም። የት እንደምትታሰር መማከር ጀመሩ፤ ሊቀ ጠበብት ከፊት፣ ከመብራቶቹ መሀል ትሁን አሉ። ባዬም ዝም ማለት ነውር መስሎት፣ ቀኝ በረከት ነውና ወደ ቀኝ ትጠጋ አለ። በዚህ ላይ በጽኑ ሲከራከሩ አያ ክንዴ መጡ። አያ ክንዴ በጣልያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ የሠሩ አሮጌ መካኒክ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ምነው ልጆቼ» አሉ በመጨረሻ። «በጣልያን አፍ የእጁም ፒንሳ ነው፣ የፍሬኑም ፒንሳ ነው። ጎማው ውስጥ፣ የሚዞረውን ብረት ቆንጥጦ ማኪናዋን የሚያቆማት።»

ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይወድ ነበር። ሊቀ ጠበብት ግን ቅንድባቸውም አልተነቃነቀ። «አውቃለሁ እንጂ አያ ክንዴ፤ የእጁን ለሙከራ ነው የቀባሁት» አሉ።

አያ ክንዴ ጋራዥ አምጧትና እኔ ልሥራት ቢሉ፣ መልሱ ያው የታወቀው ቃል ሆነ። ዓርብ ጧት ባዬ በአጥሩ ቢያይ ፊያቷ በድንጋይ ላይ ቆማለች፤ አራቱም ጎማዎቿ ግድግዳ ተደግፈዋል። ሊቀ ጠበብት ከሰንበቴ ቤቱ በር የተረፈውን ቀይ ቀለም ይዘው ሥሯ ተጋድመዋል። ፒንሳውን ቀቡ። ከቀቡ አይቀር ብለው በዙሪያው ያለውን ሁሉ ቀቡ። የሚያብረቀርቀው ክብ ብረት ላይ ሲደርሱ ባዬ ፈራ ተባ እያለ «ይኸም ይቀባል?» አለ። «ምን ይለየዋል?» አሉት። ምን እንደሚለየው አላወቀም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቀለሙ ገና ጣት ይይዝ ነበር። ሠርጉ ነገ ነው። ዳሱ ተጥሏል፣ በሬው ወድቋል፣ ማኪናዋ ድንጋይ ላይ ናት። ባዬ ትዕግሥቱ አለቀ። ልጄን በአማቾቿ ፊት ልታሳፍርብኝ ነው፣ ራዲዮዬን ወሰድህ፣ ልጄን ተውልኝ አላቸው አንቱታውን ረስቶ፤ ሄዶም አያ ክንዴን ጠራ።

አያ ክንዴ በቤንዚንና በብርጭቆ ወረቀት ከብረቱ ላይ ቀለሙን ይፍቁ ጀመር፤ ይህ ሳይፋቅ ቢነዳ ፍሬኑ አይዝም ነበር እያሉ ያጉረመርማሉ። የፊት ቀኝ ጎማ ዘንድ ሲደርሱ ማጉረምረሙን አቆሙ። ወደ ፍሬኑ ዘይት የምትወስደውን አጭር የጎማ ቱቦ ጠረጉና በጣታቸው አጠፏት። እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጠቀች፤ ከስንጥቁ ዘይት ጠብ አለ።

«ይህች የቆየች ስንጥቅ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ነገ በምታልፉበት በኮሶዬ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢረገጥ ትበጠስ ነበር። ጎማው ባይፈታ ማንም አያያትም።»

ባዬ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሸጋዬ ቤት ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ስትስቅ ይሰማዋል። የኮሶዬን ገደል ያውቀዋል፤ ታቹ አይታይም። ሊቀ ጠበብት አሁን «አውቃለሁ እንጂ» ይላሉ ብሎ ቀና አለ። እሳቸው ብሩሹን እንደያዙ ቆመዋል።

«አላወቅሁም» አሉ። «በእግዜር ባዬ፣ አላወቅሁም። ልጅህን በዚህች ልወስዳት ነበር።»

ባዬ ሃያ ዓመት ሲጎራበታቸው ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቶ አያውቅም። ከቱቦዋ ይልቅ ይኸኛው አስደነገጠው። ቁጣውንም የት እንዳደረሰው እንጃ፤ ፈለገው፣ አጣው።

አያ ክንዴ ከጋራዣቸው ደህና ቱቦ አምጥተው ገጠሙ፤ ሳይመሽ ጎማዎቹ ተመለሱ። ያን ጊዜ ባዬ ማኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። ቀይ የሚባል ነገር የለም። ቸርኬውና የጎማው ክዳን ሁሉን ሸፍኖታል። ቀዩ የት ሄደ ብሎ ቢጠይቅ፣ ሊቀ ጠበብት አንገታቸውን አክከው፣ ያቺ የአሥመራዋ ማኪና ለካ ጋራዥ ውስጥ ጎማዋ ተፈትቶ እንደነበር አስታወሱ። ባዬ ይሳቅ ያልቅስ ሳይለይለት ቀረ።

እሑድ ሸጋዬ በእልልታ ሄደች። ሊቀ ጠበብት እንቁላል የጫኑ ያህል እየተጠነቀቁ ነዱ፤ አምባ ጊዮርጊስም በሰላም ገባች።

በመልሱ ዕለት፣ ዳሱ በሰው እንደተሞላ፣ አንዱ እንግዳ ማኪናዋ ሁለት ቀን ሙሉ ምነው ድንጋይ ላይ ሰነበተች ብሎ ጠየቀ። ታየች አፏን ከፈተች። ባዬ ቀደማት።

«ሊቀ ጠበብት የፍሬኑ ድምፅ አላማራቸውም» አለ ጮክ ብሎ። «ጎማውን አስፈትተው ያቺን ቱቦ ያገኙ እሳቸው ናቸው። ልጄን ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው።»

አያ ክንዴ ጠላቸውን ትክ ብለው አዩና «ልክ ነው» አሉ። ሊቀ ጠበብት ቀና ብለው ባዬን አዩት፤ የሚናገሩ መስለው ነበር፣ ግን ጎረሱ። ታየች ባሏን ታዝባ፣ የሊቀ ጠበብትን ዋንጫ ሞላችው።

ሰኔ ሲገባ ሊቀ ጠበብት ባዬ ሱቅ ቁጭ ብለው፣ ለአንድ የማክሰኝት ገበያተኛ ያቺ ቱቦ እንዴት ያለ ድምፅ እንደነበራት ያስረዱ ነበር። ስስ ድምፅ ናት፤ ጆሮ ለሌለው አትሰማም። መጀመሪያ የሰሟት በሕማማት ነው፤ ረቡዕ ዕለት። ባዬ አቡጀዲ እየለካ ያዳምጣል። ታሪኩን የፈጠረ እሱ ነው። ሲያስበው ግን በዚያ ረቡዕ ራሱም አንድ ነገር የሰማ መሰለው። ክንዱን አቆመ፤ ስንት እንደለካ ጠፋው።

«ቆዩ እስቲ» አለ ወንበሩን ወደ እሳቸው ስቦ። «ግን ቱቦዋ መሆኗን በምን አወቁ?»