ጋሽ ይሠራል

ጨዋታ ሊጫወት ተቀምጦ ጨዋታውን ሲጠግን የሚውል ሰው በየቤተዘመዱ አንድ አይጠፋም። እኛ ዘንድ የለም የምትሉ ካላችሁ በደንብ አልፈለጋችሁም። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሁሉም ብድግ ብሎ ሲያጨበጭብ፣ ጥግ ይዞ ለሙሽራው ታናሽ ወንድም ስለ ግራፊክስ ካርድ በለሆሳስ የሚያስረዳ ሰው አላያችሁም? እሱ ነው።

ለእኛ ቤት የደረሱን የአክስቴ ልጅ ናቸው። አንቱ የምላቸው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አይደለም፤ እንዲያውም እኔ እበልጣቸዋለሁ፤ ስንገናኝም አንተ ነው የምላቸው። ግን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይህን ያህል ጽኑ እምነት ያለውን ሰው በጽሑፍ አንተ ማለት ድፍረት መስሎ ታየኝ። የወጣላቸውን ስም ከአክስቴ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ለሌሎቻችን ጋሽ ይሠራል ናቸው።

ማዕረጉን ያገኙት በላባቸው ነው። የክቡርነታቸው ኮምፒውተር የሚሠራው ሊነክስ በሚባል፣ ከዊንዶውስ በተለየ ሥርዓት ነው። እኛ የምንጫወታቸው ጌሞች ደግሞ አብዛኞቹ የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። "ታዲያ አንተ በምን ትጫወታለህ?" ብሎ የጠየቃቸው ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ "ይሠራል!" ይህን ሲሉ ደረታቸው ትንሽ ወደ ፊት ይመጣል። ከዚያ ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ ከትንፋሹ ቀጥሎ "ብቻ" ትመጣለች።

"ይሠራል፤ ብቻ ድምፁን ለብቻው ማስነሳት አለብህ።"

"ይሠራል፤ ብቻ ዝናብ የሚዘንብበት ከተማ ስትደርስ ቀና ሳትል እለፍ፤ ሰማዩን ካየኸው ይዘጋል።"

"ይሠራል፤ ብቻ መጀመሪያ ሲከፈት አትመነው። ሁለተኛው ነው እውነተኛው።"

ሐቁን ልናገርና፣ ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ ክቡርነታቸው "ይሠራል" ሲሉ ካርታ ጨዋታውን ማለታቸው ነበር። አሁን እኛ ከምንጫወተው ብዙውን እሳቸውም ይከፍታሉ፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከእኔ ኮምፒውተር ይልቅ እሳቸው ጋ ይፈጥናል። እንዴት እንደሆነ ለእኔና ለእህቴ አንድ ቀን ሶፋ ላይ አስቀምጠው አስረድተውናል።

"መሃል ላይ አስተርጓሚ አለ" አሉ። "ጌሙ በዊንዶውስ ቋንቋ ይጠይቃል፣ አስተርጓሚው ለሊነክስ ያደርሳል፣ መልሱን ደግሞ ይመልስለታል። ጌሙ ዊንዶውስ ላይ ያለ ነው የሚመስለው።"

"እና አያውቅም?" አለች እህቴ።

"አያውቅም።"

"ታታልሉታላችሁ ማለት ነው።"

"ኧረ አናታልለውም!" ክቡርነታቸው ከልባቸው ተቆጡ። "እንግድነት እንዳይሰማው ነው የምናደርገው።"

እንጀራቸው መነጽር ነው። ዓይን የሚለኩባት ጨለምለም ያለች ክፍል አለቻቸው፤ ግድግዳው ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርዱ ፊደላት ተሰቅለዋል። መስታወት እየቀያየሩ "ይሄ ይሻላል? ወይስ ይሄ?" ይላሉ። ያቺን ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ሲሉ ውለው ቤታቸው ገብተው ለስክሪናቸው ይደግሟታል። ሣሩን ያደምቁታል፣ ጥላውን ይቀንሱታል፣ ውሃውን ያጠሩታል። "ይሄ ይሻላል? ወይስ ይሄ?" አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ዓይኔን ልለካ ሄጄ፣ አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፌ በተቀመጥኩበት ስለ አዲሱ የአስተርጓሚው አፕዴት ጀመሩልኝ። አገጩን ያስደገፈ ሰው መልስ መስጠትም መሸሽም አይችልም። መነጽሩ ግን ልክ ሆኖ ወጣ፤ አሁንም አድርጌዋለሁ።

ለረጅም ጊዜ ግራ ሲያጋባኝ የኖረው አንድ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ልፋት ለምንድን ነው? እኔ ኮምፒውተሬን እከፍታለሁ፣ ጌሙን እጫናለሁ፣ እጫወታለሁ፣ እሞታለሁ፣ እዘጋለሁ። እሳቸው ምን አግኝተውበት ነው? ይህን ለማወቅ አንድ እሑድ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ ከጀርባቸው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

በዕለቱ የሚከፈተው የፈረሰኛ ጌም ነበር። ተጫኑት። ስክሪኑ ጠቆረ። ቀጥሎ ሙዚቃ መጣ፣ ምስል የለም። አንድ ነገር ነካኩና ምስል መጣ፣ ሙዚቃው የለም። ሦስተኛ ሲሞክሩ ሁለቱም ቀሩ። እኔ ብሆን ማውሱን ወርውሬ ቡና ፍለጋ እወጣ ነበር። ክቡርነታቸው ግን ጥቁር መስኮት ከፍተው ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ነጫጭ መስመሮችን እንደ ዘመድ ደብዳቤ ያነቡ ጀመር።

"ምን ይላል?" አልኳቸው።

"የጎደለውን እየነገረኝ ነው።"

"የኔ ሲበላሽ ምንም አይለኝም።"

"ያንተ ይቅርታ ይጠይቅሃል፤ የኔ ምክንያቱን ይነግረኛል" አሉ፤ ዓይናቸውን ከመስመሮቹ አልነቀሉም።

በስተመጨረሻ ተከፈተ። ሜዳው ታየ፣ ነፋሱ ተሰማ፣ አንድ ቡላ ፈረስ ጭራውን እየወዘወዘ ጌታውን ይጠብቃል። ክቡርነታቸው ሁለት እጃቸውን ሽቅብ ዘርግተው ከወንበራቸው ተነሡ። "አየህ? ይሠራል!" አሉ። ፈረሱን ትንሽ ካዩት በኋላ ጌሙን ዘጉት።

"አትጫወትም እንዴ?"

"ምን ልጫወት? ሠራ እኮ።"

ያ ፈረስ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ክቡርነታቸው ግን ፊታቸው በርቶ፣ እንደሳቸው ያሉ ሰዎች የሚጻጻፉበት ገጽ ላይ የቱን ነክተው የቱን እንደለወጡ አንድ በአንድ ይጽፉ ነበር። ለማን ነው ብላቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። "እኔ እንጃ። ነገ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ይከፍተዋል፤ እሱ አይቸገርም።" የመጣሁበትን መልስ ያገኘሁ መሰለኝና ቤቴ ገባሁ።

አሁን ወደ ቅዳሜ እንምጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ፣ እህቴና ጓደኛችን ፀጉር አስተካካዩ በየቤታችን ሄድፎን አድርገን አንድ ጌም እንጫወታለን። አራት አራት ሰው እየሆነ በፓራሹት ደሴት ላይ ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ የተረፈው ቡድን ያሸንፋል። እህቴ አዋላጅ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ወደዚህ ዓለም ስታስገባ ትከርምና ቅዳሜ ታስወጣለች። ፀጉር አስተካካዩ ከማንም ቀድሞ ይሞትና የቀረውን ጊዜ እኛን ሲያማ ያሳልፋል። አራተኛው ወንበር ክፍት ነው።

ክፍት የሆነውም እንዲህ ነው። የደሴቱ ጌም በሩ ላይ ዘበኛ አለው፤ ማለትም አጭበርባሪ ተጫዋች እንዳይገባ የሚፈትሽ ፕሮግራም። ይህ ዘበኛ ሊነክስ ካየ አያስገባም። አስተርጓሚው ቢለምነው፣ ክቡርነታቸው ቢነካኩ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ሰልፍ ላይ ለወንድማቸው እንኳ ቦታ ይዘው የማያውቁ ሰው በአጭበርባሪነት ተጠርጥረው በየሳምንቱ በር ላይ ይቀራሉ። በየሳምንቱ ይሞክራሉ፤ በየሳምንቱ ያው ቀይ ጽሑፍ ይመጣል።

በእሳቸው ቦታ ጌሙ ራሱ የማናውቀውን ሰው ይመድብልናል። አንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘፍናል፤ ሌላው ገና ሳንወርድ ይሰድበናል። ጋሽ ይሠራል ደግሞ ጌሙ ባያስገባቸውም በስልክ መስመሩ ገብተው አብረውን ይውላሉ። ደሴቱን አይተውት አያውቁም፤ ምክር ግን ይሰጣሉ።

"የት ደረሳችሁ?"

"ድልድዩ ጋ።"

"በድልድዩ አትሻገሩ። ባለፈውም እዚያ ነው ያለቃችሁት።"

"ሳታየው!" ይላል ፀጉር አስተካካዩ፤ ይሻገራል፤ ያልቃል።

ሁልጊዜ ሌላ ሐሳብ ያቀርባሉ። አንድ ያረጀ የመርከብ ጌም አለ፤ አራት ሰው አንድ መርከብ ይነዳል። አንዱ መሪ ይይዛል፣ አንዱ ሸራ ይዘረጋል፣ አንዱ በመነጽር ያያል፣ አንዱ የገባውን ውሃ በባልዲ ይቀዳል። "እኔ ጋ ይሠራል፤ እናንተም ጋ ይሠራል" ይላሉ። እኛ ማዕበሉ የካርቶን ቁራጭ ይመስላል እያልን እንስቃለን። "ዊንዶውስ ጫንና ተገላገል" ስንላቸው፣ "አንድ ቀን በሩን ይከፍቱታል" ይላሉ። "እስኪከፍቱት እኛ እናረጃለን" ትላለች እህቴ።

አንድ ቅዳሜ እንደተለመደው አልቀን ስንሳሳቅ፣ ፀጉር አስተካካዩ እንደ ቀልድ ጣል አደረጋት። "አንተ እኮ ሁልጊዜ አለህ፤ ግን የለህም።" ክቡርነታቸው ሥራ እንዳለባቸው ተናግረው ቶሎ ወጡ።

እዚህ ላይ አንቱታውን ልተወው፤ ቀልዱ አልመጣልኝም።

በሳምንቱ ደሴቱን ስንከፍት አራተኛው ወንበር ላይ እሱ ተቀምጧል። ፓራሹቱን ዘርግቶ ከጎናችን ወረደ። እንዴት አድርጎ እንደተጫወተ! ስንት ቅዳሜ በጆሮው ብቻ የሰማውን ደሴት ከእኛ በላይ ያውቀዋል። በየትኛው ቤት ጣሪያ ላይ ሰው እንደሚደበቅ፣ የትኛው ዛፍ ሥር መድኃኒት እንደሚገኝ። በድልድዩ አላሻገረንም። አሸነፍን፤ ያውም ለመጀመሪያ ጊዜ። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤት እስኪሰማው ጮኸ።

"በሩን ከፈቱልህ?" አልኩት።

"አልከፈቱም" አለ። "ከሊነክሱ ጎን ዊንዶውስ ጫንኩ።"

"ጥሩ ነው" አለች እህቴ፤ ምጥ ላይ ላለች ሴት በምትናገርበት ድምፅ። እሱም "ጥሩ ነው" አለና ተሰናብቶን ወጣ። ሦስታችን ያሸነፍነውን ታቅፈን ቀረን።

"ዛሬ አንዴ እንኳ 'ይሠራል' አላለም" አለች እህቴ ቆይታ።

"'ብቻ'ም አላለም" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

አንጀቴን በላው። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሳምንቱን ሙሉ አወጣሁ አወረድኩ። ያደረገው እኮ እኛ ጫን ያልነውን ነው፤ ኮምፒውተሩ የራሱ ነው፤ የሞተ ሰው የለም። ግን ለማያውቀው ጌም እንኳ እንግድነት እንዳይሰማው የሚደክም ሰው፣ በገዛ ዘመዶቹ መሃል እንግዳ ሆኖ መጣ። ያመጣነው ደግሞ እኛ ነን። ቅዳሜ እስኪደርስ ቸኮልኩ።

ቅዳሜ አራታችንም መስመሩ ላይ እንደገባን ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"የኔ ኮምፒውተር ዛሬ ደሴቱን እምቢ አለኝ" አልኩ።

"የኔም" አለች እህቴ፤ ዓይኗን እንኳ ያሸች አይመስለኝም።

"የኔ ግን ደህና..." አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ያንተም!" አለችው።

ትንሽ ቆይቶ ገባው። "አዎ፣ የኔማ ባሰበት። ጭስ ጭስ ይላል።"

"እና ያ የመርከቡ ጌም" አልኩ፣ "እሱስ እንዴት ነው?"

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ ትንፋሽ ተወሰደ።

"እሱማ ይሠራል" አሉ ክቡርነታቸው። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። "ብቻ ሸራው ሲዘረጋ ድምፁ ይጠፋል።"

እህቴ መሪ ያዘች፤ አለት የሚባል ነገር አንድም አላመለጣትም። መርከባችን ከሰዓቱን ሙሉ ስትሰጥም ዋለች። ጋሽ ይሠራል ባልዲያቸውን ይዘው ከታች ውሃ እየቀዱ፣ ማዕበሉ ለምን የካርቶን ቁራጭ እንደሚመስል ያስረዱን ነበር።

ውሸት ግን እግር አለው እንዴ? በማግስቱ የቤቴ ደወል ተጫነ። ክቡርነታቸው ፍላሽ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። "ያንን የተበላሸውን ልየው ብዬ ነው" አሉ። መከልከያ ምክንያት አላገኘሁም። ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጠው ደሴቱን ተጫኑት። ተከፈተ። ሙዚቃው መጣ፣ ሰማዩ መጣ፣ ፓራሹቶቹ አንድ በአንድ ተዘረጉ። እንዲህ አምሮ ተከፍቶ አያውቅም። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ።

ስክሪኑን አዩ። እኔን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠርገው መልሰው አደረጉ። ከዚያ ደሴቱን ቀስ ብለው ዘጉት።

"አዎ" አሉ። "ክፉኛ ተበላሽቷል።"

"እንዲያ ነው?"

"እንዲያ ነው። እንዲህ ያለውን መጠገን አይቻልም፤ ጠቅላላ ነው የሚቀየረው።" ሊነክስ የጫኑበትን ፍላሽ ሰኩት። እኔም ወንበር ስቤ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ነጫጮቹ መስመሮች መውረድ ሲጀምሩ ክንዳቸው ክንዴን ነካ አደረገው። "በል፣ አሁን እያየህ ንገረኝ" አሉ፤ "ይሄ ይሻላል? ወይስ ይሄ?"

ይህን የጻፍኩት በዚያው ኮምፒውተር ነው። ይሠራል። ብቻ ፕሪንተሩን እንዳትጠይቁኝ።