ያልታጠበው መሐረብ

[ከመተማ ድንበር ማዶ፣ ዶካ፣ ከሐኪም ቤት ደጅ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። ዘመኑ ጎረምሳ ሁሉ ከደርግ ምልመላ እየሸሸ መተማን የሚሻገርበት ነው። ታከለና የእህቱ ባል አየነው ከባሱንዳ የሰሊጥ እርሻ በጠዋቱ ሎሪ መጥተዋል። ታከለ ሁሉን አዋቂ ነው፤ ካላመናችሁ እሱኑ ጠይቁት። አየነው በእጁ መሐረብ ይዟል። ክርክሩ ገና ሎሪው ላይ ሳሉ የተጀመረ ነው።]

ታከለ፦ አጥበኸዋል!

አየነው፦ አላጠብኩትም፣ አያ ታከለ።

ታከለ፦ ያልታጠበ መሐረብ እንዲህ ይለሰልሳል? ሳምንት ሙሉ የተናፈጥኩበት ነው እኮ! ሳሙናዬን ጨርሰህ ነው የምትክደኝ።

አየነው፦ በማርያም አላጠብኩትም። እሑድ እሑድ የእርሻ ካምቦውን ሠራተኛ ልብስ የማጥብ እኔ ነኝ። የሌላው ሰው መሐረብ ንፍጡ ሲደርቅበት እንደ ቁርበት ድርቅ ይላል። ያንተ ብቻ ውሃ ነክቶት እንደ ደረቀ ጨርቅ ነው።

ታከለ፦ የኔ ንፍጥ ንጹሕ ስለሆነ ነዋ! ደግሞ ጉንፋን ነው አልኩህ፤ አሁን በንፍጥ ልትመራመር ነው? [ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ይላል። ከግራ አፍንጫው ጠብ፣ ጠብ ይላል። በእጁ ጀርባ ይጠርገዋል።] ኤጭ፣ ይሄ አቧራ! በል ሕመምህን ንገረኝ። ሥራ ፈትቼ የመጣሁት ዐረብኛ ላስተረጉምልህ ነው። ሰሊጡ ሊረግፍ ነው፤ በቀትሩ ሎሪ ተመልሰን ጆንያ እንጭናለን።

አየነው፦ አፍንጫዬ ይፈሳል።

ታከለ፦ ለዚህ ነው እዚህ ድረስ ያስመጣኸኝ?

አየነው፦ በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሰሊጥ ላጭድ ጎንበስ ስል ይብሳል። ቀና ስል ወደ ጉሮሮዬ ይወርድና ጨው ጨው ይለኛል።

ታከለ፦ [ፊቱ ይለዋወጣል] ከመቼ ጀምሮ?

አየነው፦ ያን ጊዜ ከሎሪው ከወደቅን ወዲህ።

ታከለ፦ እኔ በግንባሬ ተደፋሁ እንጂ፣ አንተማ የወደቅህ እኔ ላይ ነው!

አየነው፦ እሱስ ደህና ቦታ ነበር የወደቅሁ። ብቻ ራሴን ያመኛል። ቁጭ ስል ይነሣብኛል፤ ጋደም ስል ይተወኛል።

ታከለ፦ አየነው ወንድሜ፣ ይሄ የዋዛ አይደለም። ጎንደር ሆስፒታል ቃሬዛ ተሸካሚ ሳለሁ እንዲህ ያለ ሰው አይቻለሁ። የራስ ቅልህ ወለሉ ተሰንጥቋል።

አየነው፦ ራስ ቅል ወለል አለው እንዴ?

ታከለ፦ ጣራ ያለው ነገር ወለል የለውም? አንጎል የሚያርፍበት፣ ከአፍንጫ በላይ ያለው አጥንት ነው። ስስ ነው፣ የእንቁላል ቅርፊት በለው። እሱ ሲሰነጠቅ የአንጎል ውሃ በአፍንጫ ይወርዳል።

አየነው፦ አንጎል ውሃ ውስጥ ነው ያለ?

ታከለ፦ አዎ።

አየነው፦ ዋና ይችላል?

ታከለ፦ ያንተ አይችልም! ስማኝ፣ ውሃ በሚወጣበት ቀዳዳ በሽታ ይገባል። ማጅራት ገትር ይሆንብህና በሁለት ቀን ትሄዳለህ። ከዛሬ ጀምሮ ጆንያ መሸከም የለም። መጎንበስ የለም። መናፈጥ የለም።

አየነው፦ ፌጦ ማሽተትስ?

ታከለ፦ [ፌጦ የቋጠረበትን ኪሱን እየዳበሰ] እሱማ ጭራሽ! ያስነጥስሃል፤ ባስነጠስህ ቁጥር ስንጥቁ ይከፈታል። ትራስህን ከፍ አድርገህ አንድ ሁለት ሳምንት መተኛት ነው። አብዛኛው በዚያው ይገጥማል። እምቢ ካለም ካርቱም ወስደው ይደፍኑልሃል።

አየነው፦ ሰሊጡስ?

ታከለ፦ ይርገፍ! ሰሊጥ ከእህቴ ከማሬ ባል ይበልጣል? ማሬ ፊት ምን ብዬ ልቁም?

አየነው፦ እኔንም እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። ማሬ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ እያልኩ።

ታከለ፦ አንተ ከሞትክ ማን ቁም ይልሃል?

አየነው፦ ያ የጎንደሩ ሰውዬ ግን ዳነ?

ታከለ፦ ሞተ። ዘመዶቹ ቢለምኑት፣ ቢለምኑት፣ "ጉንፋን ነው" እያለ ሁመራ ጥጥ ሲለቅም ከረመ። እንዲህ ያለ ምልክት እያየ ጉንፋን ነው የሚል ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደደብ ነው።

አየነው፦ ደደብ?

ታከለ፦ የደደብ መጨረሻ!

አየነው፦ አንተ ካልክ እሺ።

[ነርሷ ሂያም በሩን ከፍታ ካርድ እያየች፣ "ታከለ!" ብላ ትጣራለች።]

ታከለ፦ ይኸውልህ፣ ስም ሲያምታቱ! አየነው ነው በላት።

አየነው፦ አላምታታችም። ካርዱን ያወጣሁት በስምህ ነው።

ታከለ፦ በኔ ስም? በሽተኛው አንተ አይደለህ?

አየነው፦ የኔ አፍንጫ ደረቅ ነው። የነገርኩህ ሁሉ ሌት ተቀን የምታማርረውን ያንኑ ነው፤ ከራሴ አንድም አልጨመርኩም። አንድ ወር ሙሉ "ታመሃል" ብልህ "አንተ ምን ታውቃለህ" አልከኝ። "ታምሜያለሁ" ስልህ ግን ወዲያው ገባህ። ግባ እባክህ። ፈርቻለሁ፣ አያ ታከለ። ከልቤ ፈርቻለሁ።

[ታከለ አንገቱን ሲደፋ አየነው የያዘው መሐረብ ላይ ጠብ ይላል። ጠብታዋን ያያታል።]

ታከለ፦ የኔ እኮ... ጉንፋን... [ፌጦውን ከኪሱ አውጥቶ ይጥላል] እሺ። ግን የኔ ዐረብኛ ከገበያ አያልፍም፣ አንተ ጭራሽ አታውቅ፤ ለኔ ማን ሊያስተረጉምልኝ ነው?

[አየነው ወደ ሂያም ዞሮ በጠራ ዐረብኛ ያናግራታል። እሷም ታከለን ከእግር እስከ ራሱ አየት አድርጋ አንዲት ቃል ትመልሳለች።]

ታከለ፦ ዐረብኛ ትችላለህ?!

አየነው፦ ሁለት ዓመት ሙዘይን ከሚባል ዐረብ ሱቅ ሠርቻለሁ። አንተ ስትናገር ዝም የምል እንዳታፍር ብዬ ነው።

ታከለ፦ ምን አልካት?

አየነው፦ "ይሄ ሁሉ ምልክት እያለበት ጉንፋን ነው ይላል" አልኳት።

ታከለ፦ እሷስ ምን አለች?

አየነው፦ ቅድም አንተ ያልከውን።