እትዬ በላይነሽ ሮምን ሲሳለሙ

ተሳላሚ ሰው ይዛችሁ ሮም ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እንዳትሞክሩት! እኔ አክስቴን እትዬ በላይነሽን ይዤ ሄድኩ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉት ጓደኞቼ "ኮሎሲየም ውስጥ ቆሜ ቪዲዮ ኮል አደርግላችኋለሁ" ብዬ ጉራዬን ነዝቻለሁ። ሮምን እንደሆነ ከጣሊያኖቹ በላይ አውቃታለሁ፤ ስልኬ ላይ ማፕ አለ።

በጠዋት ወጣን። ፀሐይ አለ፣ አይስክሬም አለ፣ ምን ይጎድላል? እትዬ ግን ቤተክርስቲያን ሳይሳለሙ አያልፉም። ሮም ደግሞ ቤተክርስቲያን የሌለበት መንገድ የላትም! ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ ሦስቴ ይሰግዳሉ፣ በሩን ይስማሉ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የካቶሊክ ነው!"

"እመቤታችን ስንት ናት አንተ? ዝም ብለህ ሳም!"

አስራ ምናምን ደጅ ስመን ኮሎሲየም ስንደርስ ዘበኛው እየዘጋ ነው። ለመንኩት፣ እምቢ አለ። አለቀልኝ! እትዬ ቀና ብለው አዩት።

"ይሄስ የማን ደብር ነው?"

"ደብር አይደለም እትዬ፣ ኮሎሲየም ነው፤ የጥንት ስታዲየም። ተዘግቷል።"

"ታዲያ ለመሳለም መግባት ያስፈልጋል እንዴ?" ብለው ግንቡን ሳሙት። እኔም ሳምኩት።

ማታ ጓደኞቼ ደውለው "ኮሎሲየም ውስጥ ገባህ ወይ?" አሉኝ።

"መግባትማ ቱሪስት ሁሉ ይገባል" አልኳቸው። "እኔ ስሜዋለሁ!"