ጋሽ ማጠናከሪያና የልብስ ሰፊዋ ውሻ

በየሰፈሩ ሳይጠሩት አቤት የሚል ሐኪም አይጠፋም። ለአንዲት ልብስ ሰፊ ዕጣ የደረሷት ጎረቤት ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፤ ሰፈሩ «ጋሽ ማጠናከሪያ» ይላቸዋል። ጉንፋንም ይሁን የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ መፍትሔያቸው አንድ ነው፦ «ዋናው ማጠናከር ነው!» ትዳሯ የተናጋባት አንዲት ፀጉር ሠሪ እንኳ ይህንኑ ሰምታ ተመልሳለች።

እናም የልብስ ሰፊዋ ውሻ ቆዳው ሲላጥና አፍንጫው ሲደማ፣ እኚህ ታላቅ ሊቅ ሐኪም ቀድመው ከተፍ አሉ። የሰውነት መከላከያን ያጠናክራል የተባለ ዱቄት ይዘው መጡ፤ ጠዋት ማታ በውሃ እየበጠበጡ አጋቱት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እሷን ብሎ የሚተነፍስ ይኸው ውሻ ብቻ ነውና፣ ሴትዮዋ እምቢ የምትልበት አንጀት አልነበራትም። ውሻው ግን ባሰበት፤ ጭራሽ መነሳት አቃተው።

ሁለቱም ተሸክመው አንዲት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ደሙንና ሽንቱን መረመረች።

«ከአሸዋ ዝንብ ንክሻ የመጣ ጥገኛ ተውሳክ ነው» አለች። «ኩላሊቱን የሚጎዳበት ግን የራሱ መከላከያ ነው። ሌባ እይዛለሁ ብሎ ቤቱን እያፈረሰ ነው። ጤነኛ ሰውነት ውስጥ መከላከያውን በቃህ የሚለው አለ፤ የዚህ ግን ሃይ ባይ አጥቷል። በሉ፣ ማጠናከሪያ የሰጠው ሰው አለ?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጎረቤቷ ዞራ አየች። ጋሽ ማጠናከሪያ ግን ዝም ማለት የት ያውቁና!

«እንግዲያውስ ሃይ ባዩን እናጠናክረዋ!»

ሐኪሟ ሳቀች። «እሱስ ልክ ነዎት፣ ጋሼ። ግን በእኔ መድኃኒት ነው፤ ዱቄቱን ይጣሉልኝ።»

ወይ ጉድ! ከዚያ ወዲህ ጋሼ ራሳቸው ሃይ ባይ ሆነው አረፉት። በር ላይ ወንበር ዘርግተው፣ አጥንት ቀቅሎ የመጣውን ጎረቤት ሁሉ «ማንም ምንም እንዳያጠናክር!» እያሉ መለሱ። ክኒኑን ግን ሰዓቱን ጠብቀው በእጃቸው ያጎርሱት ነበር። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት እያየች፣ «ለእኚህ ሰውዬ ዕድሜ ይስጥልኝ» ትላለች።

አንድ ጠዋት ጋሼ ክኒን ይዘው ሲገቡ ውሻው ተፈናጥሮ ተነሳ፤ እየጮኸ ሱሪያቸውን ይዞ ቦጨቀው።

«ነከሰኝ! እሰይ! ነከሰኝ!» እያሉ ግቢውን በእልልታ አናወጡት።

ሴትዮዋ እያለቀሰችም እየሳቀችም መርፌና ክር ይዛ ወጣች፤ «ያምጡት ልስፋልዎት፣ ጋሼ» ብትል፣ ወይ ፍንክች! ከነቀዳዳው ሰፈሩን ሊዞሩበት ወጡ።