ሁሉንም ያየው ምስክሬ

መኪናችሁ ተገጭቶ ያውቃል? እንግዲያውስ ምንም ሳያይ የሚፈርደውን ሰው ሳታውቁት አትቀሩም።

እኔን የገጠመኝ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። እግረኛ ላሳልፍ ቆሜ ሳለ አንድ ባጃጅ ከኋላ መጥቶ ገጨኝና መብራቴ ረገፈ። ያለ ትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ኢንሹራንሱ እንደማይሰማኝ ስለማውቅ መኪናዬን ሳላንቀሳቅስ ልጠብቅ አልኩ። ይሄኔ ከዛፍ ጥላ ስር አንድ ጎልማሳ ተነስቶ መጣ።

«አቦ፣ መንገድ አትዝጋ! ሁሉንም አይቻለሁ፣ ጥፋቱ የባጃጁ ነው። እኔ እመሰክርልሃለሁ፣ ወላሂ!»

ከኋላዬ ጥሩምባው ሲበረታ ተረበሽኩና መኪናዬን ዳር አስያዝኩ። ወዲያው ግን ጭንቀት ያዘኝ። ባለባጃጁ ቢክድስ? ወደ ኋላ ሄደህ የገጨኸኝ አንተ ነህ ቢለኝስ?

ትራፊክ ፖሊሷ ደርሳ «ያየ ሰው አለ?» ስትል ወደ ምስክሬ ዞርኩ።

«እኔ እንኳ ድምፁን ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለ ረጋ ብሎ።

በዚያ ሁሉ የድሬ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ። በቃ፣ ጥፋቱ ወደ እኔ ሊዞር ነው! ባለባጃጁ ግን ወደ ፖሊሷ ጠጋ አለ።

«የገጨሁት እኔ ነኝ» አላት። «እሱማ ቆሞ ነበር።»

ፖሊሷ መጻፍ ስትጀምር ገና ትንፋሼ ተመለሰ። ምስክሬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አላልኩህም?»