ለሰው ጉዞ የተሳልኩት ጃንጥላ

ሳይሄድ የሚያስቀና መንገደኛ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን እዚሁ ቢቸና አጋጥሞኛል፤ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ጌታሁን ይባላል፤ ጂኦግራፊ ያስተምራል።

«ክራኮው የምትባል የፖላንድ ከተማ አለች፤ ወንዝ ዳር ናት» ይላል ስልኩን እየነካካ። «ለግማሽ ዓመቱ ዕረፍት አራት ቀን ይበቃኛል። ከመሀል ከተማ ራቅ ካልኩ ርካሽ አልጋ አለ። ምሳዬን ዳቦ ገዝቼ ወንዙ ዳር እበላለሁ፤ መንሸራሸሩ እንደሆነ በነጻ ነው።»

«ወንዝ ካማረህ ዓባይ አለልህ አይደል?» አልኩት።

ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ አንጀቴን አሳረረችው። የእኔ ዕረፍት እኮ ሞጣ እህቴ ቤት ደርሶ መመለስ ነው!

ታዲያ ምን ላድርግ? አትፍረዱብኝና፣ «ጊዮርጊስ ሆይ፣ ይህን ሰው ከመንገዱ ካስቀረህልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ዕረፍቱ መጣ፤ አለፈ፤ ጌታሁን ከቢቸና ንቅንቅ አላለም። ስለት ነውና ለንግሡ ጃንጥላዬን ታቅፌ ስሄድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘኝ።

«ምን ሰምሮልህ ነው?» አለኝ።

«ያንተ ፖላንድስ?» አልኩት ወሬ ለማስቀየስ።

«አይ ወንድሜ! ፓስፖርት እንኳ የለኝም እኮ። እኔን የሚያሳርፈኝ ማቀዱ ነው። ሳቅድ የዋልኩ ለታ ጥሩ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ጃንጥላዬን አስገብቼ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ በእንቅልፉ ቀናሁ፤ ሌላ ጃንጥላ ከየት አባቴ ላምጣ?