የእድራችንን መኪና ዳገት ለማስወጣት የተደረገ ስብሰባ

ሐሙስ ሚያዝያ 24 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ሰባተኛ ሰፈር፣ በእድሩ ሰብሳቢ በጋሼ አለሙ መጋዘን የተያዘ ቃለ ጉባኤ። ጥሪው ለሦስት ሰዓት ነበር፤ የተጀመረው በአምስት ሰዓት ነው። የዘገየነው ሁላችንም ስለሆንን ማንም አልተቀጣም።

የተገኙ፦
ጋሼ አለሙ፣ ሰብሳቢ፣ የከባድ መኪና ባሌስትራ ነጋዴ
አቶ ሐምዱ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የአሮጌ ጎማ ነጋዴ
ወ/ሮ ሠርኬ፣ አባል፣ የከፈይ መጋረጃ ነጋዴ
ሙነወር፣ የእድሩ ሾፌር
እንድሪስ፣ ጸሐፊ፣ የሙሽራዋ አባት

ያልተገኘ፦ አቶ ጠሀ። ባለፈው ሰርግ መኪናዋን ሲገፋ ወገቡን ታሞ እስካሁን ተኝቷል። ከስድስታችን አምስታችን ስለተገኘን ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ መኪናዋ እሑድ ዳገቱን ስለምትወጣበት ሁኔታ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ አሮጌዋ የእድሩ መኪና ሙሽራን በውስጧ፣ ሬሳን በጣሪያዋ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ስታመላልስ ኖራለች። ከሬሳ በኩል ቅሬታ ቀርቦ አያውቅም። ሙሽሮች ግን ያማርራሉ። ባለፈው የወ/ሮ ሠርኬ ልጅ ታንጉት ዳገቱ ወገብ ላይ ከነቬሎዋ ወርዳ ገፍታለች። እሑድ ተራው የጸሐፊው ልጅ የጠሂራ ነው፤ የሙሽራው ቤት ደግሞ ከዳገቱ በላይ፣ ራጉኤል አጠገብ ነው።

ጸሐፊው፣ «ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። በሰው ፊት ወርዳ እንዳትገፋ እባካችሁ!» ሲል ለመነ። ሰብሳቢው የጸሐፊ ሥራ መጻፍ እንጂ መናገር አለመሆኑን፣ የሙሽራ አባትም ከአድልዎ እንደማይጸዳ ገለጹ። ስለዚህ ጸሐፊው ድምፅ እንዳይሰጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የጸሐፊው ተቃውሞ ድምፅ ስለሌለው አልተቆጠረም።

ሾፌሩ ሙነወር ሞተሯ ይታይ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከተሰብሳቢው መካከል ሞተር የሚሸጥ ባለመኖሩ ሐሳቡ ደጋፊ አላገኘም።

ጋሼ አለሙ፣ መኪናም እንደ ሰው ጉልበቷ ከወገቧ ስለሆነ የከባድ መኪና ባሌስትራ ይግባላት አሉ። አቶ ሐምዱ፣ ወገብ ያለ እግር ከንቱ ነውና ሰፋፊ ጎማ ያስፈልጋታል አለ። ወ/ሮ ሠርኬ ደግሞ፣ ዳገት ላይ መቆም ካልቀረ በከፈይ ተጋርዶ መቆም እንደሚሻል አስረዱ። አቶ ሐምዱ መጋረጃ ዳገት አውጥቶ አያውቅም ሲል ተቃወመ። «ያንተ የተለጣጠፈ ጎማስ ከሱቅህ ደጃፍ ወጥቶ ያውቃል?» ሲሉ ወ/ሮ ሠርኬ መለሱለት። ከዚህ ቀጥሎ የተባለውን ጸሐፊው ልጅ ያሳደገ ሰው በመሆኑ አልጻፈውም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ማንም እንዳይቀየም ሦስቱም እንዲገጠሙ ተወሰነ። ስብሰባው ለምሳና ለገጠማ ተቋረጠ።

አጀንዳ 2፦ የሙከራ ውጤት

ስብሰባው በአሥር ሰዓት በመጋዘኑ ደጃፍ ቀጠለ። ባሌስትራው መኪናዋን ሽቅብ ስላነሳት ሾፌሩ በርጩማ ረግጦ ገባ። ጎማዎቹ ከጭቃ መከላከያው ከፓራፋንጎው ጋር ስለተጣበቁ መሪው አልዞር አለ። መጋረጃው መስታወቱን ጋረደ። ሾፌሩ፣ «ጋሼ፣ ኧረ አይታየኝም!» ሲል ጮኸ። ሰብሳቢው፣ «ዝም ብለህ ቀጥ በል!» አሉ። ቀጥ አለ፤ ሌላ ምርጫም አልነበረውም። ዳገቱ ያለው ግን በስተግራ ነው። በስተፊት ያለው የአቶ ሐምዱ የጎማ ክምር ነበር።

አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተጎዳም። የክምሩ ጎማዎች ግን ተመትተው ቁልቁል ተንከባለሉና የመንገዱን ተሸካሚ ሁሉ በታተኑት። በዕለቱ በእድሩ ስም በፍጥነት የተጓዙት እነሱ ብቻ ናቸው።

ወደ መጋዘኑ ስንመለስ አቶ ሐምዱ ጥፋቱ የመጋረጃው ነው አለ። ወ/ሮ ሠርኬ የባሌስትራው ነው አሉ። ጋሼ አለሙ የሾፌሩ ነው አሉ፤ ይህ ሐሳብ ወዲያው ሦስት ድምፅ አገኘ።

በዚህ መካከል ጠሂራ ጩኸቱን ሰምታ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። «አባዬ፣ እሑድ በዚህች ነው የምሄደው?» አለች። ጸሐፊው ወደ ሰብሳቢው ዞረ፤ ሰብሳቢውም ወደ ሾፌሩ ዞሩ። ይህም ይመዝገብ።

ጠሂራ ወ/ሮ ሠርኬን፣ «እትዬ፣ ያን ቀን ታንጉት እንዴት ደረሰች?» ብላ ጠየቀች።

«ሁላችንም ገፍተናት ነዋ! በእልልታ ነው የደረሰችው!»

«እንግዲያው ለእኔም ግፉልኝ። እኔ ግን አልወርድም» አለች።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

በአጀንዳ 1 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ባሌስትራው፣ ጎማውና መጋረጃው ወደየባለቤታቸው እንዲመለሱ፣ መኪናዋም እንደነበረች እንድትሆን ተወሰነ። እሑድ አባላት ሁሉ እንዲገፉና ሙሽራዋ እንዳትወርድ ጸሐፊውም ድምፅ እንዲሰጥ ተፈቅዶለት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ይህ እድር ከተቋቋመ ጀምሮ ሳይጣላ የሚሠራው ሥራ መግፋት ብቻ መሆኑ ታውቋል። አቶ ጠሀም ከተኛበት፣ «ወገቤን አስሬ እመጣለሁ» ብሎ ልኳል።

የመግፊያ ቦታ ሲደለደል ጸሐፊው ከኋላው መስታወት ትይዩ፣ ልጁ ዞር ብትል በምታየው ቦታ እንዲሆን ለመነ። ተፈቀደለት። ስብሰባው በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተበተነ።